ጎንደር ውስጥ የመጀመሪያ የወጥ ቤት ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ዕቃ አጣቢ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ እስክታዩ ከጠበቃችሁ ብዙ ትጠብቃላችሁ። ጎንደር ላይ ምግብ ቤት ሰው የሚቀጥረው በአብዛኛው በአፍ ነው። አንዷ ሠራተኛ ሳትናገር ትቀራለች። ዋናዋ ወጥ ሠሪ «የምታውቁት ልጅ የለም?» ትላለች። በማግስቱ አንድ ሰው ሽርጥ ታጥቆ ሽንኩርት ይልጣል። ስለዚህ ቦታው ሲከፈት ስማችሁን የሚጠራ ሰው እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ መኖር አለበት። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ወደዚያ የሚያደርሱ ናቸው። አንዳንዱ ጥያቄ የወንድ፣ አንዳንዱ የሴት ስለሆነ መልሱም እንደ ጠያቂው ነው።

ምንም ልምድ የለኝም። ማን ይቀጥረኛል?

ልምድ የማይጠየቅባቸው ሥራዎች አሉ። ዕቃ ማጠብ፣ ሽንኩርት መላጥ፣ አትክልት ማጠብና መክተፍ፣ ውሃ መቅዳት፣ ከሰል ማቀጣጠል፣ እንጀራ ጋጋሪዋን መርዳት፣ ምግብ ለአስተናጋጅ ማቀበል። የምትገባው ከእነዚህ በአንዱ በኩል ነው።

ደግሞ «ምንም ልምድ የለኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ልምድ አለው። ለጎረቤት ሰርግ ድንኳን ሥር ሽንኩርት ሲልጥ ያደረ፣ ለተዝካር ትልቅ ድስት ያማሰለ፣ እናቱ ጠላ ቤት ስላላት ብርጭቆ እያጠበ ያደገ ልጅ ለብዙ ሰው መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አፍረህ አትደብቀው፣ ተናገረው። ከሲቪ ይልቅ ይሄ ነው ወጥ ሠሪዋን ቀና ብላ እንድታይህ የሚያደርጋት።

ትልቅ ሆቴል ይሻላል ወይስ ትንሽ ምግብ ቤት?

ሁለቱ የሚያስተምሩት ለየቅል ነው።

እንደ ጎሃ፣ ታዬ በላይና ኃይሌ ሪዞርት ያሉ ትልልቅ ቤቶች ማመልከቻ ይቀበላሉ፣ የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ ሠራተኛው በሺፍት ይገባል። በዚህ ደረጃ ያለ ወጥ ቤት በክፍል የተከፈለ ነው። የቀዝቃዛ ምግብ ሌላ፣ የትኩስ ሌላ፣ የኬክ ሌላ። ሥርዓት ትማራላችሁ፣ ደመወዝም በባንክ ይገባል። ነገር ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተመድባችሁ ዓመት ሙሉ ሰላጣ ብቻ ልትከትፉ ትችላላችሁ። ሌላም ነገር አለ። ትልልቆቹ ሆቴሎች የሚኖሩት ከቱሪስትና ከስብሰባ ነው። ባለፉት ዓመታት የጸጥታው ችግር ቱሪስቱን ስላመናመነው ቅጥሩም ከፍ ዝቅ ይላል።

ትንሽ ቤት ውስጥ ደግሞ ሦስትና አራት ሰው ሁሉን ይሠራል። ጠዋት ፍርፍርና ፉል፣ ቀን ሽሮና በየአይነቱ፣ ማታ ጥብስ። በስድስት ወር ውስጥ ብዙ ነገር ታያላችሁ። ጉድለቱ ውል አለመኖሩ፣ የሰዓቱ መርዘምና የባለቤቱ ጠባይ ነው። ባለቤቱ መልካም ከሆነ ቤተሰብ ትሆናላችሁ። ካልሆነ ደግሞ ቤተሰብ የሚለውን ቃል ነፃ ሥራ ለማሠራት ይጠቀምበታል።

የእኔ ምርጫ መሐሉ ነው። የከተማው ሰው ራሱ ምሳ የሚበላበት፣ በሳምንቱ ቀናትም የማይራቆት ቤት። ፒያሳና አራዳ ዙሪያ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አካባቢ፣ አዘዞ መንገድ ላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ። ቱሪስት መጣ ቀረ ሥራቸው ይቀጥላል። ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ቀን ገብታችሁ ሽሮ ብሉ። እጅ መታጠቢያው ላይ ውሃና ሳሙና መኖሩን፣ አስተናጋጆቹ ወደ ወጥ ቤቱ ሲጣሩ በምን ቃና እንደሚናገሩ አስተውሉ። ከውስጥ ስድብ የሚሰማበት ቤት እናንተንም ይሰድባል።

በስንት ሰዓት ልሂድ?

ከሰዓት በኋላ፣ ከ9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል። ምሳ አልቋል፣ እራት አልተጀመረም፣ ወጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣበት ሰዓት ነው። በ6 ሰዓት ተኩል የሚመጣ ሥራ ፈላጊ ግን መንገድ ዘግቶ የቆመ ሰው ነው። «ሌላ ቀን ና» ይባላል፣ ሌላ ቀን ሲመጣም ፊቱ በክፉ ይታወሳል።

ቀንም መምረጥ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ይቅር። የምትጠይቀው ሥጋ ቤት ወይም ክትፎ ቤት ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ሁነኛ ቀን ነው። ጾም ስለሆነ ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰዎቹም ለወሬ ጊዜ አላቸው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ያኔ ይህ ምክር አይሠራም።

ወቅትም አለው። ሁዳዴ ሲገባ የሥጋ ቤት ሠራተኛ ይቀነሳል። አንዳንዱም ወደ ገጠር ቤተሰቡ ይሄድና ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ ከፋሲካ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት ሰው የሚፈለግበት ጊዜ ነው። ሌላው ጥምቀት ነው። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፣ ምግብ ቤቱም እጅ ያጥረዋል። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ መጠየቅ ነው። ቅጥሩ ለጊዜው ቢሆንም ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ሥራው ወዲያው አይቆምም። በዚያ ግርግር ሳይነጫነጭ የሠራ ልጅ ስሙ ይቀራል።

ማንን ነው የምጠይቀው? ምንስ ልበል?

ካሸሩን አትጠይቂ። ካሸሩ «የለም» ለማለት ነው የተቀመጠው። ባለቤቱን ማግኘት ከቻልሽ መልካም። ግን የምትሠሪው ከዋናዋ ወጥ ሠሪ ወይም ከሼፉ ጋር ነው፣ «ይህችን ልጅ ተዋት፣ ትሥራ» የሚሉትም እነሱ ናቸው። በአክብሮት ግቢ። በዕድሜ ከፍ ያሉ ከሆኑ አንቱ በያቸው። ጎንደር ላይ አንተ ወይም አንቺ ማለት እዚያው በሩ ላይ ሊያስቀርሽ ይችላል።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ሥራ ፈልጌ ነው። ዕቃ ማጠብ፣ ሽንኩርት መላጥ እችላለሁ። ቤቴ ቅርብ ነው፣ በጠዋት መግባት አይከብደኝም። ሰው ካስፈለገዎት ስልኬን ልተውልዎት።»

ይህ ይበቃል። ስለ ደመወዝ በዚያች ደቂቃ አይነሳም። ስልክሽን በወረቀት ጽፈሽ ስጪ። በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ተመልሰሽ ሰላም በያቸው። ሁለተኛው ጉብኝት ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ምክንያቱም የሚመለሰው ሰው ጥቂት ነው።

አንዳንዴ «ነይ እስኪ፣ ይችን ላጪልኝ» ትባያለሽ። ፈተናው ተጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ ስትሄጂ ጥፍርሽ የተቆረጠ፣ ፀጉርሽ የተሸፈነ፣ ጫማሽ የተዘጋ ይሁን። የሚታየው ፍጥነትሽ አይደለም። እጅሽን ታጥበሽ መጀመርሽን፣ ልጣጩን የት እንደምትጥዪ መጠየቅሽን፣ ስትጨርሺ ጠረጴዛውን መጥረግሽን ነው የሚያዩት።

ምን ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?

የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ዋስ እና የጤና ምርመራ ውጤት።

ዋስ የሚጠየቀው ዕቃ ቢጠፋ ተጠያቂ እንዲኖር ነው። ፈራሚው ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ወረቀቱ ላይ መጻፉን እይ። አጎትህን መጠን ለሌለው ዕዳ አታስፈርመው። የትምህርት ማስረጃህን ዋናውን ደግሞ ለማንም አትስጥ። ኮፒ ይበቃል።

ምግብ የሚነካ ሰው የሰገራና የመሳሰለው ምርመራ የሚያደርገው ታይፎይድም ሆነ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ በእጅ በኩል ወደ ሳህን ስለሚሻገር ነው። ምርመራው አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ አይደለም፣ በየጊዜው ይታደሳል። በሕግ ወይም በሚመለከተው አካል የሚጠየቅ ምርመራ ወጪው የቀጣሪው ነው። ትንንሽ ቤቶች ግን «አውጥተህ ና» ይላሉ። ቢያንስ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጋር እንዲመልሱልህ ተነጋገር።

ደላላ ይሻለኛል?

አይሻልህም። ሕጋዊ የሆነ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። ከአንተም ከባለቤቱም የሚቀበል ደላላ ደግሞ ቶሎ ብትወጣ ይጠቀማል፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው አስገብቶ እንደገና ይከፈለዋል።

«ለሙከራ ትንሽ ቀን ሥራ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ። ልግባ?

ግባ፣ ግን መጀመሪያ ተነጋገር። «ሙከራው እስከ መቼ ነው? በቀን ስንት ይከፈለኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። አንድ ከሰዓት ሽንኩርት ልጦ ማሳየት ያለ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት በነፃ ማሠራት ግን ሙከራ አይባልም፣ ብዝበዛ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ፣ ስምምነቱም በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በሙከራ ጊዜ ያለማስጠንቀቂያ ልትሰናበት ትችላለህ፣ አንተም ያለማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላለህ። የሠራህበት ደመወዝ ግን ያንተ ነው። የጽሑፍ ውል ባይኖርም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ሊሰጥህ ይገባል። «እዚህ ሰፈር ይሄ የለም» የሚሉህ ይኖራሉ። እውነታቸውን ነው፣ በብዙ ቤት የለም። ያም ሆኖ መብትህን ማወቅህ አነጋገርህን ይለውጠዋል። ቢያንስ የገባህበትን ቀንና የተስማማችሁበትን ብር በስልክህ መልእክት ጻፍላቸው። «ጋሼ፣ ዛሬ ጀመርኩ፣ በዚህ ብር ተስማምተናል፣ አመሰግናለሁ» ካልካቸው ማስረጃም ምስጋናም ሆነ።

ሙያ ትምህርት ቤት ልማር ወይስ በቀጥታ ልግባ?

ሆቴል ውስጥ ሼፍ መሆን የምትፈልጊ ከሆነ ትምህርቱ ያስፈልግሻል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በምግብ ዝግጅት ሠልጥኖ የብቃት ምዘና ያለፈ፣ ማለትም ሲኦሲ የያዘ ሰው ትልልቅ ቤቶች ዘንድ ይመረጣል። ሥልጠናው በድርጅት ውስጥ የሚሠራ ልምምድ ስላለው ብዙ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራውን የሚያገኘው ለልምምድ ከተላከበት ቤት ነው። ልምምዱን እንደ ትምህርት ብቻ የሚያይ ፊርማ ሰብስቦ ይወጣል። እንደ ሥራ የሚያየው እዚያው ይቀራል።

ገንዘብ አሁን የምትፈልጊ ከሆነ ግን ግቢና ሥሪ፣ ከዚያ በማታ ተማሪ። የሠራ ሰው ክፍል ውስጥ ጥያቄው ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስላል?

ውሃ። ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። የጎንደር የውሃ ችግር ለከተማው ሰው አይነገርም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም ፈረቃው ራሱ ይረሳል። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚማረው ሮቶው ስንት እንደቀረው ማየትና ጀሪካን መሙላት ነው። ውሃ አነሰ ተብሎ ሳህን በአንድ ሳፋ ውሃ ሲንከባለል እንዳይውል፣ ቢያንስ ሦስት ዕቃ ይኑር። አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ አንዱ በረኪና ጠብ ያለበት። ፍርፋሪው ቀድሞ ከተጠረገ ውሃው ረጅም ሰዓት ይቆያል። ይህን ዘዴ ያወቀ ዕቃ አጣቢ ውሃ በሚያጥርበት ከተማ ወርቅ ነው።

ቀጥሎ ሽንኩርት። ቀይ ሽንኩርት በኪሎ ሳይሆን በኬሻ ይታሰባል። የወጥ ቤቱ ሁሉ መሠረት ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ደቅቆ ያለ ዘይት ይበስላል፣ እንዳያር ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል፣ ከዚያ ዘይቱና በርበሬው ይገባል። ቁሌቱ በጠዋት ተሠርቶ ካልተቀመጠ ምሳ ላይ ቤቱ ይቆማል። አንተ ሽንኩርቱን ካዘገየህ ቁሌቱ ይዘገያል፣ ቁሌቱ ከዘገየ ወጡ ይዘገያል፣ አስተናጋጁ ቦኖውን፣ ማለትም የትእዛዝ ወረቀቱን ይዞ ይጮኻል። የመጀመሪያ ቀን ቁጣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። በአንተ ላይ የተነሳ ጠብ አድርገህ አትውሰደው።

ምሳ ሰዓት ላይ ጫጫታው ሌላ ነው። «አንድ ጥብስ ደረቅ!» «ሁለት ተጋቢኖ!» «የበየአይነቱ ምን ሆነ?» ድስት ይዘህ ስታልፍ «ትኩስ ነው!» እያልክ እለፍ። ዝም ብለህ ከሰው ጀርባ አትቁም። የታዘዝከውን ስትሰማ «እሺ» በል። «እሺ» ያልተባለ ትእዛዝ እንዳልተሰማ ይቆጠራል፣ ሁለተኛ ይጮኽብሃል።

ከሁሉ የሚያደክመው ግን ሥራው አይደለም፣ መቆሙ ነው። የማያንሸራትት፣ ጀርባው የተዘጋ ጫማ ከመጀመሪያ ደመወዝህ ግዛ። ነጠላ ጫማ አድርገህ የፈላ ዘይት አጠገብ አትቁም።

ጾምና ፍስክ እንዴት ነው የሚለየው?

ይህን በደንብ ያዙት። ጎንደር ላይ አዲስ ሠራተኛ ቶሎ የሚባረርበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

በጾም ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይገባም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው በዕቃው ነው። ቅቤ የነካ ጭልፋ ሽሮ ድስት ውስጥ ከገባ ድስቱ በሙሉ ተበላሸ። ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት፣ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ፣ ክትፎ የታሸበት ሳህን፣ ሁሉም መለየት አለበት። ደህና ቤቶች የጾሙን ዕቃ በቀለም ወይም በመደርደሪያ ይለያሉ። የገባችሁበት ቤት ካልለየ «የጾሙ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የሚጠይቅ አዲስ ልጅ ወዲያው ይወደዳል።

አጽዋማቱን በቁጥር እወቋቸው። ከረቡዕና ዓርብ ሌላ ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይቆያል። በእነዚህ ጊዜያት ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት የሚያጣፍጥ ሰው ነው የሚፈለገው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተወው። ከጣና የመጣው ዓሣ ግን በጾም ወቅት ብዙ ይታዘዛል፣ ስለዚህ ዓሣ መገሽለጥና መሰንጠቅ መማር ያዋጣል። ለዓሣውም ቢሆን የራሱ መጥበሻ ይኑረው። አንዳንድ ጿሚ በዓሣ ዘይት የተጠበሰ ድንች አይበላም።

የጾም ምግብ ስለሆነ አይበላሽም የሚል የተሳሳተ ሐሳብም አለ። ምስር ወጥም ይበላሻል። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ለብ እንዳለ ውጭ መዋል የለበትም። ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ ይቆያል፣ ወይ ቶሎ ቀዝቅዞ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን በየደቂቃው የሚከፍት ሰው ቤቱን እያከሰረ ነው።

ሙስሊም ነኝ። የት ልሥራ?

የሥጋው ነገር ስላለ ብዙ ሰው በራሱ እምነት ቤት ውስጥ መሥራትን ይመርጣል። የሙስሊም ሰፈር በሆነው አዲስ ዓለም አካባቢ ጀምር። ከረመዳን በፊት ጠይቅ፣ ምክንያቱም የማታው ሥራ ሳምቡሳና ሾርባ ለማድረስ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሌላ ቤት ከገባህም የማትነካው ነገር ካለ ከመጀመሪያው ንገራቸው። ዕቃ ማጠብ፣ አትክልት፣ እንጀራና ዳቦ ላይ መመደብ ይቻላል። የሚያጣላው ከሦስት ሳምንት በኋላ መናገር ነው።

ሴት ነኝ። ማታ መሥራት ያስፈራኛል።

ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። ስትስማሚ «ሥራ በስንት ሰዓት ያልቃል? ወደ ቤት በምንድን ነው የምሄደው?» ብለሽ ጠይቂ። ማታ ባጃጅ እንደ ልብ አይገኝም፣ የጸጥታው ሁኔታም አንዳንዴ መንገዱን ቀድሞ ያስዘጋል። ሠራተኞቹን አሰባስቦ የሚሸኝ ቤት አለ፣ «አንቺ ታውቂያለሽ» የሚልም አለ። ሁለተኛው ጋ የቀን ፈረቃ ብቻ ተስማሚ፣ አለዚያ ይቅርብሽ።

«አዳሪ ትሆኛለሽ» ካሉሽ የምታድሪበትን ክፍል ሳታዪ እሺ አትበይ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ከማን ጋር ነው? ተመላላሽ መሆን ከቻልሽ ተመላላሽ ሁኚ። አዳሪ የሆነ ሰው የሥራ ሰዓቱ አያልቅም።

ወሲባዊ ትንኮሳ በአዋጁ የተከለከለ ነው። አሠሪው ወይም ኃላፊው ይህን ቢያደርግብሽ ያለማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችያለሽ። እውነቱን ለመናገር ሌላም የሚያናድድ ነገር አለ። አንድ ዓይነት ወጥ ሠርተው ወንዱ «ሼፍ»፣ ሴቷ «ወጥ ቤት» ይባላሉ፣ ደመወዙም እንደ ስሙ ይለያያል። ስትቀጠሪ መጠሪያሽ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠይቂ። የሚቀጥለው ቤት የሚያየው ያንን ነው።

16 ዓመቴ ነው። ይቻላል?

ሕጉ ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍት ቀንና በበዓል መሥራት የለበትም። ምግብ ቤት ደግሞ የሚደምቀው በማታና በበዓል ነው። ክረምት ላይ የቀን ሥራ ፈልግ፣ ትምህርትህን አትተው።

ስለ ሰዓት፣ ስለ ደመወዝና ስለ ተሰበረ ሳህን ምን ልወቅ?

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት አለህ። እሑድ መሆኑ ግዴታ አይደለም፣ በምግብ ቤት ብዙ ጊዜ ሌላ ቀን ነው። ከዚያ በላይ ከሠራህ ቀን ላይ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.75፣ በዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይታሰባል። የጡረታ መዋጮ ካለ 7 በመቶ ከአንተ፣ 11 በመቶ ከቀጣሪው ነው።

ጀማሪ ደመወዝ ትንሽ ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። ስለዚህ አብረው የሚመጡትን ቁጠር። ምግብ አለው? ስንቴ? ጉርሻው የአስተናጋጅ ብቻ ነው ወይስ ወጥ ቤቱም ይካፈላል? ምሳና እራት የሚያበላ ቤት በብር ካነሰም ሊሻል ይችላል።

ሳህን ብትሰብር ባለቤቱ ዝም ብሎ ከደመወዝህ ሊቆርጥ አይችልም። ሕግ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካላዘዘ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካልፈቀደ፣ ወይም አንተ በጽሑፍ ካልተስማማህ መቁረጥ የለበትም። ሲቆረጥም ከወር ደመወዝህ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

ተማሪ ነኝ፣ በትርፍ ሰዓቴ ይቀጥሩኛል?

ግቢ አካባቢ ያሉ ቤቶች ማታና ቅዳሜ እሑድ ሰው ያስፈልጋቸዋል። የፈተና ሳምንትህን ገና ስትገባ ንገራቸው።

ቢቆርጠኝ ወይም ቢያቃጥለኝስ?

ይሆናል። በተቃጠለ ቦታ ላይ ኮልጌት፣ ቅቤ ወይም ሊጥ አትቀቡ። ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት። ቧንቧው ከደረቀ ከጀሪካን እየቀዳችሁ አፍስሱ። ቀለበትና ሰዓት ቶሎ አውልቁ፣ ያብጣል። የፈነዳ ወይም ሰፊ ከሆነ ጤና ጣቢያ ነው።

የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ የደነዘዘ ቢላ ነው፣ ኃይል ስለሚያስጨምር ይንሸራተታል። ሞረድ መጠቀም ቀድማችሁ ተማሩ። ቢላ ሲወድቅ አትቅለቡት፣ ሳሙና ውሃ ውስጥም አትጣሉት። እዚያ ውስጥ እጁን የሚከተው ሌላ ሰው ነው። እጁ የቆሰለ ሰው ቁስሉን ሳይሸፍንና ጓንት ሳያደርግ ምግብ አይንካ። ከሰል ደግሞ በተዘጋ ክፍል አይቀጣጠልም። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ከዕቃ ማጠቢያው ወደ ምድጃው መቼ ነው የምደርሰው?

ማንም አይጠራችሁም። ሥራችሁን ቀድማችሁ ጨርሱና «ቁሌቱን ላማስልልዎት?» በሉ። በብዙ ቤት መንገዱ ይታወቃል። ከሽንኩርት ወደ ቁሌት፣ ከቁሌት ወደ ሽሮ፣ ከሽሮ ወደ ጥብስ። ዶሮ ወጥ መጨረሻ ነው። ዶሮውን 12 ብልት አውጥቶ በደንብ ያጠበ ልጅ ግን ወደ ድስቱ መቅረቡ አይቀርም።

የድሮ ወጥ ሠሪዎች በእጅ እንጂ በሚዛን አይሠሩም። «ትንሽ ጨው» ሲሉ እናንተ ስንት ማንኪያ እንደገባ ቁጠሩ፣ ማታ ቤት ገብታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። መከለሻቸው ምን እንደሆነ የማይናገሩ አሉ፣ አትጨቅጭቋቸው። ቅመም ስታስፈጩ ታውቁታላችሁ።

ሽሮና ጥብስ ብቻችሁን ማውጣት ከቻላችሁ ጭማሪ ጠይቁ። ጭማሪ ከሌለ ሌላ ቤት ማየት ይቻላል፣ ጎንደር ግን ትንሽ ናት፣ ሳትናገሩ ጠፍታችሁ አትሂዱ። ስትወጡ የሥራ ልምድ ወረቀት ጠይቁ። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የቆያችሁበትን ጊዜና ደመወዛችሁን የሚገልጽ ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት። «ዕቃ አጣቢ» ብቻ ብሎ ከጻፈ፣ ምድጃ ላይ የሠራችሁበትንም እንዲጨምር አድርጉ። ማኅተም ማረፉንም አይታችሁ ውጡ።